ስምጥ ሸለቆን በአንድ ላፕቶፕ ማስተማር

የጂኦግራፊ መምህር ከሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። «ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረው መሬት ተሰንጥቆ ሲራራቅ ነው» ትላላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ቀስቶች ትስላላችሁ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ አለቀ። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናጥ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ደረጃ ሲወርድ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው ጥያቄ ይዘው መጡ። «ቲቸር፣ ለምን እዚያ ጋ ብቻ?» መልሱ ሁለት ቀስት አይደለም። መልሱ ካርታ ነው፤ ካርታውን ደግሞ ራሳቸው መሥራት ይችላሉ።

እዚህ የምጽፈው እኔ የምሠራበትን መንገድ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ ቢቻል ፕሮጀክተር፣ እና ከክፍሉ በፊት የሁለት ሰዓት ኢንተርኔት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት እንደሌለ አድርጋችሁ አስቡ። ቢኖርም እንደሌለ አስቡ፤ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው የሚጠፋው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ አሪፍ ድረ ገጽ ያገኝና ምድርን እያሽከረከረ ያሳያል፣ ተማሪው «ዋው» ይላል፣ ደወል ይደወላል። በነጋታው ምን እንደተማሩ ብትጠይቋቸው «ቤታችንን ከሰማይ አየነው» ነው የሚሏችሁ። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፉ። የኔ ይህ ነው፦ ከመስከረም እስከ መጋቢት 2017 ድረስ መሬት የተንቀጠቀጠው የት የት ነው፣ ነጥቦቹ ምን ዓይነት ቅርጽ ይሠራሉ? ከዚህ ጥያቄ ጋር የማይሄድ ነገር ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ዳታውን ማውረድ

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም፣ ማለትም ዩኤስጂኤስ፣ የዓለምን ርዕደ መሬት መዝግቦ በነጻ ያቀርባል። ጎግል ላይ «ዩኤስጂኤስ ኧርዝኩዌክ ካታሎግ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፤ የፍለጋ ቅጽ ያለበት ገጽ ይመጣላችኋል። የርዕደ መሬቱ መጠን (ማግኒቲዩድ) ላይ «ከስተም» በሉና ዝቅተኛውን 4 አድርጉ። ቀኑን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ሙሉ። ከዚያ ቦታውን በአራት ማዕዘን ማጠር ነው፦ ሰሜን 9.8፣ ደቡብ 8.8፣ ምዕራብ 39.5፣ ምሥራቅ 40.6። ቁጥር መጻፍ ካልወደዳችሁ ካርታው ላይ ሳጥኑን በማውስ መሳልም ይቻላል።

ከታች የውጤቱን ዓይነት የምትመርጡበት ቦታ አለ። ሁለት ጊዜ አውርዱ። አንዴ በሲኤስቪ፣ እሱ በኤክሴል ይከፈታል። አንዴ ደግሞ በኬኤምኤል፣ እሱ ያለምንም ድካም ጎግል ኧርዝ (ምድርን በሳተላይት ምስል የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ይከፈታል። ሲኤስቪው ቢያስቸግራችሁ ኬኤምኤሉ ያድናችኋል። ከመቶ በላይ ረድፍ ይመጣል፤ ፋይሉ ግን ትንሽ ነው፣ በስልክ ዳታም ቢሆን አይከብድም።

ሲኤስቪውን ስትከፍቱ የዓምዱ ብዛት አያስደንግጣችሁ። ሰዓት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀት፣ መጠን፣ የቦታ ስም እና «ሆሪዞንታል ኤረር» የሚለውን አስቀሩና ሌላውን ሰርዙት። ዋናውን ግን ሳትነኩ ሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ። ይህን የምላችሁ አንዴ ዋናውን አበላሽቼ፣ ደግሞ ለማውረድ ከሰፈር ሰፈር ዋይፋይ ስፈልግ ስላመሸሁ ነው።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ካታሎጉ የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። 20:00 የሚል ካያችሁ እኛ ጋ 23:00 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። 22:00 የሚለው ደግሞ እኛ ጋ ቀኑ ተቀይሯል። ይህን መምህሩ አይሥራው፤ አምስት ረድፍ ለተማሪዎች ስጡና ራሳቸው ይቀይሩ። ስለ ሰዓት ክልል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከማስረዳት ይሻላል፣ በተለይ «ያኔ እኮ ተሰምቶኝ ነበር፣ እራት ላይ ነበርን» የሚል ልጅ ከተገኘ።

ጎግል ኧርዝ ፕሮ ላይ ማስገባት

ስልክ ላይ ያለውን ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን «ፕሮ» የሚለውን ነው የምላችሁ። ድሮ በዓመት 400 ዶላር ገደማ ይከፈልበት ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ነጻ ነው። ጫኑትና «ፋይል» ውስጥ «ኢምፖርት» በሉ፣ ሲኤስቪውን ምረጡ። ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ መሆናቸውን ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። ቀጥሎ የትኛው ዓምድ ኬክሮስ፣ የትኛው ኬንትሮስ እንደሆነ ይጠይቃል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ሁለቱን አገላብጬ አስገባሁ። ሃምሳ ተማሪ ፊት «አሁን ነጥቦቹ አዋሽ ላይ ይወርዳሉ» ብዬ ቁልፉን ስጫን ምድር ተሽከረከረችና ሜዲትራንያን ባሕር ላይ፣ ሰርዲኒያ የምትባል የጣሊያን ደሴት ላይ አረፈች። ነጥቦቹ ሁሉ እዚያ ተቆልለዋል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታሌ ተራራ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ብትገለብጡት 40 ሰሜን፣ 9 ምሥራቅ ይሆናል፣ እሱም ሰርዲኒያ ነው። ያን ቀን አፈርኩ። አሁን ግን በየዓመቱ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። «ምን አጠፋሁ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፣ ካርታው ላይ ቁጥሩን እያነበቡ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ ኬክሮስና ኬንትሮስን የሚያምታታ ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም።

ሲጨርስ «ስታይል ቴምፕሌት ልጠቀም?» ይላችኋል። አዎ በሉና ቀለሙ «ማግ» በሚለው ዓምድ፣ ማለትም በመጠኑ እንዲለይ አድርጉ። ሦስት ክፍል ይበቃል፦ ከ4 እስከ 4.5፣ ከ4.5 እስከ 5፣ ከ5 በላይ። አሥር ቀለም አታብዙ። ቀይና አረንጓዴም ጎን ለጎን አታድርጉ፤ ሁለቱን የማይለይ ልጅ በክፍላችሁ ሊኖር ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይናገርም። እኔ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀይ እጠቀማለሁ፤ ፕሮጀክተሩ የደከመ ቢሆንም ይታያል።

ይህን ሁሉ ቤት ጨርሱት። ከዚያ ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ አካባቢውን በደንብ ዙሩት፦ ቀረብ በሉ፣ ራቅ በሉ፣ ከመተሐራ እስከ ዶፈን ተራራ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ፕሮግራሙ ያያችሁትን ምስል ኮምፒውተራችሁ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እስከ 2 ጊጋ ድረስ። በነጋታው ያለ ኢንተርኔት ስትከፍቱት ያያችሁት ቦታ ይመጣል፣ ያላያችሁት ይደበዝዛል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አንዴ ሞክሩት እንጂ በኔ ቃል ብቻ ክፍል እንዳትገቡ።

ሸለቆውን መቁረጥ

ነጥቦቹን ከማሳየታችሁ በፊት የመሬቱን ቅርጽ አሳዩ። «አድ ፓዝ» በሚለው ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ እስከ ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ሳቡ። ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሾው ኤሌቬሽን ፕሮፋይል» በሉ። ከታች የከፍታ ግራፍ ይወጣል፦ ከደጋው ጫፍ ገደል ነው፣ መሐሉ ላይ አዋሽ የሚፈስበት ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ሐረርጌ ተራሮች ሽቅብ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል እውነተኛ መሆኑን ተማሪው እዚህ ጋ ያየዋል። ማውሱን ግራፉ ላይ ስታንቀሳቅሱ ካርታው ላይ ቀስት አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንድ ልጅ አውጡና እሱ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው «ቁም! እዚህ ስንት ሜትር ነው?» ይበል።

ግን ይህ ግራፍ ይዋሻል። ሸለቆውን እንደ ጉድጓድ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ወዲያውኑ ጠመኔ ያዙና ሰሌዳው ላይ 160 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ሳሉ፣ አንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ይሁን። «ከደጋው ጫፍ እስከ ሜዳው ያለው ቁልቁለት ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን! የጣት ወርድ ያህል። ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ በጣም ደስ ይለኛል። ግራፍ ሁሉ ቁመቱን እንደሚለጥጥ በዚያች ጣት ይገባቸዋል።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ነጥብ የሚያስቀምጡበት ቀን

ላፕቶፑ አንድ ነው፣ ተማሪው ሃምሳ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ በወረቀት ይሁን። ሁለት ፍሊፕ ቻርት ወረቀት በፕላስተር አያይዙ። ቅድም ያጠራችሁትን አራት ማዕዘን ሳሉበት፣ እያንዳንዷ 0.1 ዲግሪ 8 ሴንቲ ሜትር ትሁን። እዚህ አካባቢ 0.1 ዲግሪ መሬት ላይ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያንን ጥግ ላይ ጻፉት። አዋሽ ከተማን፣ መተሐራን፣ ፈንታሌን፣ ዶፈንን ብቻ አስቀምጡ።

ከዝርዝሩ ሃምሳ ረድፍ አትሙና ቆራርጡት። ለአንድ ተማሪ አንድ ርዕደ መሬት። እያንዳንዱ ተነስቶ ይመጣና በማርከር ነጥቡን ያስቀምጣል፦ የመስከረምና የጥቅምቱ በሰማያዊ፣ የታኅሣሥና የጥሩ በቀይ፣ የየካቲቱና የመጋቢቱ በጥቁር። ቀኖቹ ፋይሉ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱው ይቀይሯቸው። መጀመሪያ አሥር ነጥብ ሲቀመጥ የተበተነ ጥሬ ይመስላል። ሃያ አምስት ሲደርስ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ይቆማሉ። አርባ ሲሞላ አንዱ «መስመር ነው!» ይላል። ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን የተዘረጋ፣ ከሸለቆው ጋር ትይዩ የሆነ ቀበቶ።

«ለምን እዚያ ጋ ብቻ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምትሰጡት አሁን ነው፣ ቀድማችሁ አይደለም። ከሥር ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቁ ገብቶ በጎን እየገፋ ነበር፤ አለቱ ሲሰነጠቅና ሲንሸራተት መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ወደ ላይ ወጥቶ አልፈሰሰም። ከዚህ በፊትም በአፋር፣ ዳባሁ አካባቢ፣ በመስከረም 1998 ዓ.ም. 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። ሸለቆው እኛ ጋ በአማካይ የሚሰፋው በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከተወለደ 8 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ መሬት ዝም ብላ ትቆይና አንድ ቀን ዕዳዋን በጅምላ ትከፍላለች ማለት ነው።

«ግን ነጥቦቹ ለምን ቀጥ ብለው አልተሰለፉም?» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም። ሆሪዞንታል ኤረር የሚለውን ዓምድ ያስቀራችሁት ለዚህ ነው። ነጥቡ በስንት ኪሎ ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል ይናገራል። ያንን ያህል ርቀት በኮምፓስ ነጥቡ ዙሪያ ክብ ያድርጉ። ነጥብ ነጥብ አለመሆኑን፣ «እዚህ አካባቢ ነው» ማለት መሆኑን በእጃቸው ሲስሉት ያያሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ወረዳዎች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተነስቷል። ዘመዱ እዚያ የነበረ ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ነጥቧ ለሱ ነጥብ አይደለችም። ቀድማችሁ በግል አናግሩት፣ ማውራት ከፈለገ ያውራ፣ ካልፈለገ አይነካ።

ሁለት ግራፍ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም

የመጀመሪያው በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ የሚያሳይ ነው። የሰዓቱ ዓምድ ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ላይ ስለተጣበቁ ኤክሴል ቀን መሆኑን አይረዳም። «ሌፍት» በምትባለው ፎርሙላ የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት ቁረጡ፣ ቀኑ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ፒቮት ቴብል (በየቀኑ ስንት ረድፍ እንዳለ የሚቆጥርላችሁ የኤክሴል ሠንጠረዥ)፣ ከዚያ የዓምድ ግራፍ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ መሐሉ ላይ ጸጥታ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ግን እንደገና ይፈላል። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን 6.0 የሆኑትን ምልክት አድርጉባቸው። በዚያውም የመጠን ነገር ይነሳል፦ አንድ ቁጥር ሲጨምር ኃይሉ 32 ጊዜ ገደማ ያድጋል፣ ሁለት ቁጥር ሲጨምር 1000 ጊዜ። የካቲት 7ን ለማከል አንድ ሺህ ባለ 4.0 ርዕደ መሬት ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ውስጥ ስንት እንዳለ ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ጥልቀቱን የሚያሳይ ነው፣ የወጥመድ ግራፍ ብዬዋለሁ። ቀኑን በአግድም፣ ጥልቀቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በነጥብ ሳሉት። አብዛኛው ነጥብ 10 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በማስመሪያ እንደተሰመረ፣ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ተማሪዎቹ ወዲያው «10 ኪሎ ሜትር ላይ ልዩ ንጣፍ አለ!» ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ሳየው እንደዚያ መስሎኝ ነበር፣ ለሥራ ባልደረባዬም ሁለት ቀን ሙሉ አስረድቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርዕደ መሬቱ ከመሬት ገጽ ብዙም ያልራቀ ሆኖ ትክክለኛው ጥልቀት ሳይታወቅ ሲቀር ዩኤስጂኤስ 10 ብሎ ይሞላዋል። መስመሩን የሳለችው ምድር ሳትሆን ቅጽ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹን ጥቂት አስከራክሯቸው፣ ከዚያ ንገሯቸው። ከማንኛውም ካርታ በላይ የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

ይኸው ጥንቃቄ ለድሮውም ይሠራል። ፍለጋውን እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብትወስዱት በየአሥር ዓመቱ ቁጥሩ እየጨመረ የመጣ ይመስላል። የጨመረው በብዛት መመዝገቢያው መሣሪያ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ከሥር ከሥሩ የተከተሉትን ትንንሾቹን ሁሉ የሚመዘግብ መሣሪያ በዙሪያው አልነበረም።

ጊዜ ከተረፋችሁ፦ በሰቃ

ጎግል ኧርዝ ፕሮ ላይ የሰዓት ምልክት አለች፣ የድሮ የሳተላይት ምስል ታመጣለች። መተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅ ላይ ሂዱና ወደ ኋላ መልሱት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ተጋፍቷል። በማስመሪያው ምልክት «ፖሊጎን» መርጣችሁ ዳርቻውን ዙሩት፣ ስፋቱን ይነግራችኋል። ከዚያ አቢጃታ ሐይቅ ላይ ሂዱና ያንኑ ድገሙት፤ እሱ ደግሞ እየሸሸ ነው። ሁለቱም እዚያው ሸለቆ ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው ይከሳል። ለበሰቃ የመስኖ ትርፍ ውሃን የሚጠቅስ አለ፣ የከርሰ ምድር ውሃንና ፍልውሃን የሚጠቅስ አለ። ለአቢጃታ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ የሚሳበውን ውሃና ከዝዋይ በኩል በመስኖ የሚቀረውን። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉና ይከራከሩ፣ እናንተ ዳኛ አትሁኑ።

ፋይሎቹን በቀን ሰይሙ፣ «አዋሽ_2017_ዋና» እና «አዋሽ_2017_ክፍል» እያላችሁ፣ አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ራሳችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። ካርታውን፣ የከፍታውን ግራፍና ሁለቱን ግራፎች ስክሪንሹት አንስታችሁ በኤ4 አትሙ፤ ስድስት ስድስት ሆነው የሚያዩት ስምንት ዘጠኝ ቅጂ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱ አይቀርም፣ መጋረጃውን ትገልጡና ከወረቀቱ ትቀጥላላችሁ።